ውዳሴ ቅልቅል

ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያላየ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም፤ ያላየም ካለ በሰፈሩ የወረቀቱን ወንድም አይቶታል። «ማድያት፣ የፀሐይ ጥቁረት፣ የብጉር ጠባሳ በ7 ቀን ድራሹ ይጠፋል! ዋስትና አለው!» ይላል። ዋስትናውን ማን እንደሰጠው አልተጻፈም። ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለም አልተጻፈም። 7 ቁጥሯ ብቻ በቀይ ቀለም ደምቃ፣ አክንባሎ አክላ ተቀምጣለች። ፈጣሪ ዓለምን በስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው አረፈ። ቅባት ቀማሚያችን ግን ሰባቱንም ቀን ይሠራል፤ የሚያርፈው በስምንተኛው ነው፤ ያን ቀን ስልኩ አይነሳም።

ሰው ሁሉ ሲያማርር መስማት ሰለቸኝ። ስለዚህ ዛሬ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያ ለፍጥነቱ። የተማሩት የቆዳ ሐኪሞች ማድያትን እንዴት እንደሚያክሙ አይታችኋል? ገና ከበሩ ጥያቄ ይጀምራሉ። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? የወሊድ መከላከያ ክኒን ትወስጃለሽ? የምትውይው ደጅ ነው ወይስ ቤት? ምጣድ ፊት ብዙ ትቀመጫለሽ? ከዚያ 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን የሚባል ጥቁረት የሚያደበዝዝ ቅባት ያዝዙና «ማታ ማታ ብቻ፣ ጥቁሩ ላይ ብቻ፣ ስስ አድርገሽ» ይላሉ። ጠዋት የፀሐይ መከላከያ። ለውጥ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ቅባቱ ይቆምና ቆዳው ያርፋል፤ ፀሐይ ላይ ከተዋለ ደግሞ ማድያቱ ይመለሳል። ለነፍሰ ጡርማ ሃይድሮኪኖኑንም ይከለክሏትና አዜላይክ አሲድ የሚባል ሌላ ቅባት ይሰጧታል፤ አለዚያም «ከወለድሽ በኋላ በራሱ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ታገሺ» ብለው ይሸኟታል። የካርድ ተቀብሎ ታገሺ! የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. በተከፈተባት ከተማ ሐኪሞቻችን እስካሁን የደረሱት እዚህ ድረስ ነው። ኮስሞቲክስ ቤቱ አይጠይቅም። ቀና ብሎ ያያል፣ «ገባኝ» ይላል፣ ከባንኮኒው ሥር ያወጣል።

ከባንኮኒው ሥር የሚወጣው ቅልቅል ነው። አሠራሩ ብዙዎች እንደሚያስቡት ምሥጢር አይደለም። ግማሽ ሊትር ርካሽ ሎሽን፣ በላዩ አንድ ሁለት ቱቦ የሃይድሮኪኖን ክሬም፣ ሦስት አራት ቱቦ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ የቆዳ መድኃኒት፣ ለሽታው ጠብ የምትል ሽቶ። በማንኪያ ይማሰላል፤ ትናንት የሌላ ቅባት ማደሪያ በነበረ ብልቃጥ ይሞላል። መጠኑስ? እንደ ወጥ ጨው ነው፤ እጁ እንዳመጣለት። የሰኞው ብልቃጥ ከሐሙሱ አይገናኝም። ተጠቃሚዋ ግን «የበፊቱ ይሻል ነበር» ስትል ቀማሚው «ቆዳሽ ለምዶት ነው» ይላታል። ጥበብ ማለት ይኼ ነው።

የዚህን ጥበብ ሕዝባዊነት ለመረዳት አንዲት ቱቦ ይዘን ቡና እንጠጣ።

ቱቦዋ 30 ግራም ናት፤ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ። ለቆዳ ከሚታዘዙ ስቴሮይዶች (መቆጣትንና ማሳከክን ከሚያበርዱ መድኃኒቶች) ሁሉ ከኃይለኞቹ ተርታ የምትቆም ናት። ታሪኳ የሚጀምረው በአንድ ጋሼ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ለዓመታት ሲያሳክካቸው፣ እሳቸውም ሲያኩት፣ ቆዳው ወፍሮ የዝሆን ቆዳ መስሏል። ሐኪሙ «ለ2 ሳምንት ብቻ፣ እዚያው ወፍራሙ ላይ ብቻ፤ አደራ ፊትዎን እንዳይነካ» ብሎ አዘዘላቸው። ተሻላቸው። ቱቦዋ ግን ግማሿ ተረፈ። እኛ ዘንድ ደግሞ የተረፈ መድኃኒት መጣል ከኃጢአት ይቆጠራል።

አቦል ላይ የጋሼ ባለቤት እትዬ ቱቦዋን አምጥተው ረከቦቱ አጠገብ ያኖሯታል። «ይቺ ናት የእሳቸውን እግር የሕፃን እግር ያስመሰለችው» ይላሉ። ቱቦዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ውስጧ የታጠፈችውን የመመሪያ ወረቀት አንዷ ታወጣና የፈንዲሻ ማቅረቢያ ታደርጋታለች። ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ ይሰማል፦ «እግር ያዳነ ፊት ያቅተዋል?» ክርክሩ እዚያው አለቀ። የቁርጭምጭሚት ቆዳና የጉንጭ ቆዳ አንድ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ፊት መድኃኒቱን ከእግር አብዝቶ የሚመጥ ስስ ቆዳ መሆኑን የሚያውቅ ማንም ተቃውሞ አላስመዘገበም።

ቶና ላይ ቱቦዋ ተከፍታለች። ለአንዷ ማድያት የምስር ታህል፣ ለሌላዋ ብጉር የባቄላ ታህል፣ ለሦስተኛዋ ደግሞ አንገቷ ላይ ለወጣባት ቋቁቻ ለሦስት ቀን የሚበቃት በፌስታል ተጠቅልሎ። ቋቁቻ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ላይ ስቴሮይድ መቀባት ዘበኛውን አስተኝቶ ለሌባ በር መክፈት ነው፤ ከአንገት ተነስቶ ደረት ይደርሳል። ሲደርስም «ሥር የሰደደውን ወደ ውጭ እያወጣው ነው» ተብሎ ይጨመርበታል።

በረካው የሚጠጣው በሳምንቱ ነው። ያቺ ባለ ማድያት ፊቷ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ እያብረቀረቀ ትገባለች። እውነትም ነጥቷል። ስቴሮይዱ የደም ሥሮቹን አኮማትሯል፣ መቆጣቱን አጥፍቷል፣ ቀለም የሚሠሩትንም ሕዋሳት ለጊዜው አዳክሟል። ቤቱ እልል አለ። ባዶዋ ቱቦ ለናሙና ተይዛ ወደ መድኃኒት መደብር ወረደች፤ «እንዲህ ያለችውን ሦስት»። ማዘዣ የሚጠይቅ የለም። በወሩ ከላይኛው ግቢ እስከ ታችኛው ግቢ ድረስ ያበራል፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ የሚያሰጋን የለም።

በሦስተኛው ወር የቆዳው ስስነት የሽንኩርት ልጣጭ ደርሷል። ጉንጭ ላይ ቀያይ ክር የመሰሉ ሥሮች ብቅ ብለዋል፤ በጎናቸው ብጉር፣ በጎናቸው ደግሞ የጎረምሳ ሪዝ የመሰለ ጠጉር። ደንግጣ ታቆመዋለች። ካቆመች በኋላ ፊቷ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በርበሬ እንደ ነካው ይለበልባታል። ወዲያው መልሳ ትቀባዋለች፤ ጸጥ ይላል። «አየሽ፣ ያለ እሱ አልሆንም» ትላለች። የራሱን በሽታ በራሱ እያስታገሠ ምስጋና የሚቀበል ሌላ ዕቃ ገበያው ላይ አለ? ጋሼ በበኩላቸው እግራቸው አገርሽቶባቸው እያከኩ «ቱቦዬስ?» ይላሉ። ቱቦዋ ሥራ ላይ ናት፣ ጋሼ።

ለታጋሾቹም ምስጋና ይድረሳቸው፤ ለዓመታት ሃይድሮኪኖን ሳያሳርፉ ለሚቀቡት። ጥቁረት ልታጠፋ የገባችው ጉንጯ ላይ አመድ የነካው ሰማያዊ ጥቁረት ይዛ ትወጣለች። ኦክሮኖሲስ ይሉታል፤ እሱን ለማስለቀቅ የሚሞክር ሐኪም የቀድሞውን ማድያት ይናፍቃል። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ የተረቷ ሴት እንኳ የያዘችው ኩል መሆኑን ታውቅ ነበር።

የማንጫ ሳሙናና ክሬም ነጋዴውን ረስቼ እንዳልወቀስ። አንዳንዱ ዕቃ ላይ በደቃቃ ፊደል «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ አያነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ገዢዋ ጠንቃቃ ናት፤ ሐብሏን ታወልቃለች፣ ቀለበቷን ታወልቃለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ትቆልፍባታለች። ከዚያ ክሬሙን ፊቷ ላይ ትለቀልቃለች። ወርቅ ይተካል እንዴ!

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ያ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ አለበት ማለት ነው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ከእናትየው ጉንጭ በፎጣና በትራስ ተሻግሮ ያልተቀባ ሕፃን ገላ ውስጥ ይገባል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና ከአገር እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ክልከላው ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ሁሉ ይዟል። ይህን እያወቀ ስያሜውን በምላጭ ፍቆ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም፤ መርዝ አዳይ ነው። አጥቢ እናት ጡቷን ቀብታ ታጠባለች፤ የ12 ዓመት ልጅን «ለሰርጉ እንድትቀላ» ብለው ይቀባሉ። አፋችን በዘፈን «ጠይም» እያለ ይምላል፤ እጃችን የልጅቱን ጠይምነት በስቴሮይድ ይፍቃል። ሙሽራዋን ከላይ እስከ ታች አይታ «መልከ መልካም ናት፣ ትንሽ ጠቆር አለች እንጂ» የምትል የባል ዘመድ ደግሞ በየሰርጉ አትታጣም፤ ያቺ ሴትዮ አንድም ብልቃጥ ሳትሸጥ ከቀማሚው በላይ ሠርታለች።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

«እኔ ኬሚካል አልወድም፣ ተፈጥሮ ነው የምጠቀመው» ለምትለውም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ሎሚ ትጨምቃለች፣ ፊቷን ታሻለች፣ «እንዲሠራ» ብላ ደጅ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። የእኛ ሎሚ፣ በተለይ ልጣጩ፣ ቆዳን ለፀሐይ አሳልፎ የሚሰጥ ቅመም በተፈጥሮው አለው። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን መቅላትና መለብለብ፣ አንዳንዴም ውኃ መቋጠር፣ ከዚያ ጭማቂው የፈሰሰበትን መስመር ተከትሎ ለወራት የሚቆይ ጥቁረት። የእኛ ቆዳ ቂመኛ ነው፤ የተቧጨረውን፣ የተቃጠለውን፣ በቡና አተላ የተፈገፈገውን ሁሉ በጥቁር መዝገብ ይይዛል። እሬት የምትቀባዋ ቢያንስ ቀዝቅዟት ታድራለች።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁጠባችን ነው። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ሙሉ ርዝመት የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው፤ ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ ደጅ የዋለ በየ2 ሰዓቱ ይደግማል። የመከላከል አቅሙ «ኤስ ፒ ኤፍ 30» ተብሎ የተጻፈው ልክ የሚሆነው ያን ያህል ሲቀባ ነው። ማድያት ላለባትማ የቆዳ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የሚባል ማቅለሚያ የገባበት ይሻላታል፤ ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነውና። እኛ 50 ሚሊ ሊትሯን ከመስከረም እስከ መስከረም እናደርሳለን፤ ጠዋት የምስር ክክ ታህል፣ ግንባርና አፍንጫ ጫፍ ላይ። ከዚያ «ተቀብቼ ነው የምወጣው፣ አልያዘልኝም» ብለን ወደ ቅልቅሉ እንመለሳለን።

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፍታ በጨመረ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ደግሞ ዋናው ድግስ ነው፤ ስስ ደመና አያግደውም፤ ለማድያት የሚተርፈው ጨረር በመኪና መስታወትም ያልፋል። ጃንጥላ ዘርግተው ነጠላቸውን እስከ ቅንድብ አውርደው ከቅዳሜ ገበያ የሚመለሱትን እማማን አይተን እንስቃለን፤ በዝናብ ካልሆነ ጃንጥላ መያዝ የአሮጊት ነዋ! ለከተራ ታቦታቱ በድባብ ጥላ ሥር ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ወጣቱ ፊቱን ቅልቅል ተቀብቶ፣ አናቱን ገልጦ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ጋር ግጥሚያ ይዟል። በጥር ማብቂያ ኮስሞቲክስ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነው።

ትናንት ሳልፍ ያ ወረቀት አሁንም አለ፤ 7 ቁጥሯ ግን ከቀይ ወደ ሐመር ሮዝ ተለውጣለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ባለሱቁ ወጣ ብሎ ሸራውን ከመስታወቱ በላይ ዘረጋ፤ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ አሰረ። ብልቃጦቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው ነው፤ ቅባት በፀሐይ ይበላሻል።