ፀሐይ ላይ ቁም!

ጅማ ውስጥ ካሜራ የገዛ ሰው ከፎቶው በፊት ስም ያወጣል። ካርቶኑ ሳይቀደድ፣ ባትሪው ቻርጅ ሳይደረግ፣ የራሱን ስም ይወስድና ከኋላው «ፎቶግራፊ» የምትል ቃል ይቀጥልበታል። ቀጥሎ ሎጎ ያሠራል። ሎጎው ላይ የግድ የካሜራ ሥዕል ይኖራል፤ ሰው ዳቦ ቤት መስሎት እንዳይደውል። ከዚያ ሎጎው እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይለጠፋል። ጨዋው ጥግ ላይ ያደርገዋል። ሌባ የሚፈራው መሀል ላይ ይዘረጋዋል። አንዱ ልጅ አዌቱን አንስቶ ሎጎውን ከዳር እስከ ዳር ስላነጠፈበት፣ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ ለማየት ተቸግረን ነበር። «እንዳይሰርቁኝ ነው» አለን። እንዲሰረቅለት የሚመኙ ወዳጆቹ አሁንም ተስፋ አልቆረጡም።

ስሙ ከወጣ በኋላ ጉዞው ወደ ጅሬን ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳያነሱ ፎቶግራፈር ነኝ ማለት በኛ ከተማ ነውር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ቤታቸው ግን ለኛ ልጆች ያጠረባቸው ይመስለኛል፤ በሆዳቸው ተኝተው ነው የሚያነሱት። ካሜራ ከታች ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ቋሚ መስመሮች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ቤት ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ሊንጋለል ትንሽ ነው የቀረው። ራቅ ብሎ ቆሞ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይበቃ ነበር። ችግሩ፣ ራቅ ማለት ሱሪ አያቆሽሽም። ሱሪው ያልቆሸሸ ሰው ደግሞ ፕሮፌሽናል አይመስልም።

እዚያው በረንዳው ላይ ያለውን የእንጨት ሥራ ጠጋ ብሎ የሚያይ የለም። ጠዋት ብርሃኑ በጎን ሲመታው የእያንዳንዱ ጥርብ ጥላ ለብቻው ይወጣል፣ እንጨቱ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል። ግን ጠዋት ማን ይደርሳል? ቁርስ አለ። ቡና አለ። ጓደኛ ይጠበቃል። ባጃጅ ላይ ዋጋ ይከራከራሉ። ጅሬን የሚደረሰው 6 ሰዓት ላይ ነው።

6 ሰዓት ላይ ደግሞ የጅማ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳን አንሞላም። ፀሐይዋ ተጋድማ አትወጣም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ያቺ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን የምትባለው ፈረንጆቹ አገር እንደምትቆየው እዚህ አትቆይም፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ሄዳለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጭራሽ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ልክ ትመጣለች። ያን ጊዜ የተነሳ ሰው ግንባሩና አፍንጫው ያበራል፣ ዓይኑ ያለበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል። ቆንጆ ልጅ አቁመህ መርማሪ ፊት የቀረበች ተጠርጣሪ ይዘህ ትመለሳለህ።

እና ምን ይባላል? «ፀሐይ ላይ ቁም!» ይባላል። ይሄ ትእዛዝ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። በፊልም ዘመን እውነትም ያስኬድ ነበር። ፊልሙ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ አንዱ ጥቅል 36 ፎቶ ነው፣ የባከነው ባከነ። ፊልሙ ከገበያ ወጣ፣ ትእዛዙ ቀረ። ዛሬም ማንኛውም የጅማ አባወራ ካሜራ ሲያይ ቤተሰቡን ሰብስቦ ፀሐይ ላይ ያሰልፋል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ይነሳሉ። ልጆቹ አድገው አልበሙን ሲያዩ «ያኔ ምን ሆነን ነበር?» ይላሉ። ምንም አልሆናችሁም። ፀሐይ ላይ ነበራችሁ።

የሚገርመው፣ ደመና በነፃ የሚታደልበት ከተማ ነው ያለነው። ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ ሲከደን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ ጥላ የለ፣ የሚጨፈን ዓይን የለ። ሌላ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ መብራት ገዝተው የሚሠሩትን የኛ ሰማይ ለወራት ይሠራዋል። የኛ ሰው ግን ቀና ብሎ ያይና «ዛሬ ደመና ነው፣ ፎቶ አይወጣም» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ሜጋፒክስል አለ። ሜጋፒክስል ፎቶው የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር፤ እኛ ሜጋፒክስል ስንል ግን ሰውዬውን ነው። ይህን ስም ያወጣንለት እኛ ነን፣ እሱም ደስ ብሎት ተቀብሎታል። ማኪያቶውን ይዞ ይቀመጥና የካሜራ ሞዴል ከነዋጋው ይደረድራል። የቱ ምን ያህል ሜጋፒክስል እንዳለው፣ የቱ ጨለማ ውስጥ እንደሚያይ በቃሉ ያውቃል። አንድም ፎቶ አሳይቶን አያውቅም። የሚገዛው ካሜራ ገና አልወጣማ! የኔን አሮጌ ካኖን 600ዲ ሲያይ አንገቱን ይነቀንቃል። 18 ሜጋፒክስል ነው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የወጣ። «ይሄ እኮ ሞቷል» ይለኛል። አንድ ኤፎር ወረቀት ሙሉ ጥርት አድርጎ ለማሳተም 9 ሜጋፒክስል እንደሚበቃ ነገርኩት። «አንተ ኤፎር ታስባለህ» አለኝ። እሱ ምን እንደሚያስብ እንጃ፣ የምናነሳውን ሁሉ የምናየው መዳፍ በምታክል ስልክ ነው። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 የሠራው የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሶን ነው። ዕቃው ወደ 3.6 ኪሎ ይመዝናል፣ 0.01 ሜጋፒክስል ነው፣ አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። የኛ ሜጋፒክስል ያኔ ቢኖር ኖሮ «ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛው እስኪወጣ ልጠብቅ» ይለው ነበር።

የሜጋፒክስልን ምክር ሰምቶ ሌንስ የገዛ አንድ ወዳጅ አለን። 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8። ኤፍ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጥሩ ሌንስ ነው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይሻላል። ጨለማ ቤት ውስጥ ብርሃን ያስገባል፣ ከኋላ ያለውን ያደበዝዛል። ወዳጃችን ማደብዘዙን ወደደው። ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ሁሉ በኤፍ 1.8 ሆነ። በአንድ በዓል ቀን የሚስቱን ቤተሰብ በሦስት ረድፍ አሰልፎ በዚያው አነሳቸው። ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ሕፃናት የዓይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። ሁለተኛው ረድፍ ጭጋግ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የቆሙት አማቱ ደግሞ ሰው መሆናቸው የታወቀው በነጠላቸው ጥለት ነው። «እኔን መርጦ አጠፋኝ» አሉ። ቂም ይዞብኝ ነው ተባለ። ሽማግሌ ሊገባበት ትንሽ ቀረው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ቢያጠበው ሁሉም ጥርት ብለው ይወጡ ነበር። አሁን አማቱ ባሉበት ሁሉ ኤፍ 8 ነው። መጽሐፍ አንብቦ አልገባው ያለውን እሳቸው በአንድ ኩርፊያ አስገቡለት።

ነገሩን ካነሳን አይቀር፣ ጅማ ላይ ፎቶ የሚያስተምረው ተነሺው ነው። ካሜራ ነክቶ የማያውቅ ሰው ፎቶውን ገና ሲያይ ጥፋቱን ያገኘዋል። ስሙን አያውቀውም እንጂ ያገኘዋል።

የኛ ሰፈሯ እትዬ ለዚህ ማስረጃዬ ናቸው። ቡና ሲያፈሉ ላነሳቸው ፈቃድ ጠየቅኩ። ነጭ የሀገር ልብስ ለበሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከነጭ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ያሳየኋቸውን ፎቶ አተኩረው አዩና፦

«አንተ ልጅ፣ እኔ የቷ ነኝ? ጀበናዋ ናት ወይስ ያቺ አጠገቧ ያለችው?»

ልክ ናቸው። ፊታቸው እንደ ጀበናቸው ጠቁሯል። ካሜራ የዋህ ነገር ነው፤ ዓለም ሁሉ በአማካይ ግራጫ መሆን አለበት ብሎ ያምናል። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ግድግዳ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ያጨልመዋል። ከነጩ ጋር የሰውየውም ፊት አብሮ ይጨልማል። ለነጭ የሀገር ልብስ የተጋላጭነት ማስተካከያዋን፣ ፎቶውን የምታፈካውንና የምታጨልመውን፣ ወደ ፕላስ 1 ገፋ ማድረግ ነው። በበዓል ቀን በየቤቱ የምናነሳው ፎቶ ሁሉ የሚጨልመው ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ስለሚለብስ ነው። ሰው ግን «ካሜራው ርካሽ ነው» ይላል፣ ሜጋፒክስልም ደስ ይለዋል።

ፍላሽ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ የእትዬ ግንባር በራ፣ የዕጣኑ ጭስ ግን የለም።

«ጭሱስ? ዕጣኑን እኮ በገንዘቤ ነው የገዛሁት።»

ይሄኛውም ልክ ነው። ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመጣ ነው። ከፊት ለፊት ፍላሽ ከተተኮሰበት ይጠፋል። ስለዚህ ፍላሹን አጠፋሁ። ረከቦቱን ወደ በሩ አስጠጋን፣ መጋረጃውን ሰበሰብን፣ እትዬ ጎናቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ 1600 አደረግኩት፣ የመዝጊያውን ፍጥነት የሰከንድ 125ኛ ክፍል። ፎቶው ትንሽ ሻከር አለ። ግን ጭሱ ከማጨሻው ተነስቶ በበሩ ብርሃን ውስጥ ሲጠመዘዝ ይታያል። ከጀበናዋ አፍ የምትወርደው ቡና ቀጭን ክር ሆናለች። የእትዬ ጉንጭ ላይ ያለው መስመር ሁሉ አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ሲኒዋ ጠርዟ ተሸርፋለች፣ ሌላ ባቀርብ ኖሮ» አሉ። ይሄን ያህል ካገኙ አልፈናል ማለት ነው።

እርጥበቱን ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ ሌንሶቹ ይቀየሙኛል። ክረምት ላይ ሌንስን ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ጅማ ውስጥ ሻጋታ ማርባት ነው። መስታወቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይወጣል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን «አትብሉ» የተባለባትን ትንሽ ከረጢት አትጣሉ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከሌንሱ ጋር ክተቷት።

ጥበቃዎችም አሉ። በስልክ የፈለግከውን ብታነሳ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። ስልኩ 108 ሜጋፒክስል ይሁን፣ ቪዲዮ ይቅረጽ፣ ግድ የለም። የኔን የሞተ ካሜራ ከቦርሳዬ ሳወጣ ግን ፉጨት ይሰማል። አንድ ጊዜ አንድ ግንብ አጥር ላይ የወጣች አበባ ላነሳ ስል ጥበቃው ሮጦ መጣ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«አበባዋን ነው።»

«አበባዋ የመሥሪያ ቤቱ ናት።»

አስጠፋኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ «እስቲ እኔን እዚህ ጋ አንሳኝ» አለኝ፤ ከአበባዋ ጎን ቆሞ። ፀሐይ ላይ ነበር የቆመው። ጥላው ሥር አስገባሁት፣ ወደደው።

ሰርጉን በአጭሩ ልለፈው፣ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ካሜራ ያለው ሰው ሰርግ አይጠራም፤ ይታዘዛል። «ስጦታህ ፎቶው ይሁን» ይሉሃል። ምግቡ ሲቀርብ ምግብ ታነሳለህ፣ ሲያልቅ ትበላለህ። ጥቅሙ፣ እስክስታ ፈተና ነው፤ በሰከንድ 60ኛ ክፍል ያነሳኸው ትከሻ የሚጠፋ ደመና ይሆናል፣ 250ኛ ላይ ነው የሚያዘው። አዳራሹ ሐምራዊ መብራት ካለው ደግሞ ሙሽራዋም፣ ዶሮ ወጡም፣ ሽማግሌዎቹም ሐምራዊ ናቸው። በማግስቱ መልእክቱ ይጎርፋል። «ፎቶዬን ላክልኝ።» «ቀላ አድርገኝ።» «ጎኔን ቀንስልኝ።» «ከአጠገቤ ያለውን ሰውዬ አጥፋልኝ፣ ተጣልተናል።» በቴሌግራም ትልክላቸዋለህ። ቴሌግራም ይጨምቀዋል። እነሱ ጨምቆ የወረደውን ከስክሪናቸው ላይ በስክሪንሾት ያነሱታል፣ ከርክመው ይለጥፉታል፣ በሥሩም «ካሜራማኑ አይረባም» ብለው ይጽፋሉ።

እትዬ ግን ፎቶአቸውን አሳተሙት። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ለሳቸው ፎቶ አይደለም። ፍሬም ገብቶ ሳሎን ተሰቅሏል፣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ባለፈው የጎረቤት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ድግስ ነበር። የተቀጠረው ካሜራማን ሁለት ካሜራ አንጠልጥሎ፣ ራሱን የሚያክል ፍላሽ ሰክቶ መጣ። ልጅቷን ከነጋወኗ ግቢው መሀል አቆማትና «ፀሐይዋን እያት» አላት። እትዬ ከቡናቸው ተነሱ።

«ተው ልጄ፣ ዓይኗን አታጥፋው። ወደ በረንዳው ጥላ አምጣት። እሱንም የሚያብለጨልጨውን አጥፋው፣ ዕጣኑን ይበላዋል። ቀሚሷ ነጭ ነው፣ ፊቷን አይተህ አንሳ።»

ካሜራማኑ ግራ ገባው። «እማማ፣ ፎቶ ቤት ይሠሩ ነበር እንዴ?»

«እኔ? ስንት ዓመት ስነሳ ኖሬያለሁ መሰለህ?»