ለክቡር የሚኒሞ መንቀጥቀጥ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቋሚ አድራሻዎን እንዲያሳውቁ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. በተሠራችው ቮልሴ ሞተር ውስጥ ያለ ኪራይና ያለ ውል እንደሚኖሩ ባውቅም፣ በየትኛው ክፍል እንደሚያድሩ እስካሁን ስላልገለጹልኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ትሕትናዎ ያስደንቃል፤ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ልስልስ ብሎ ይይዛል፣ ጎረቤትም በሰላም ይተኛል። መስቀል አደባባይ መብራት ላይ ስደርስ ግን፣ ሞተሩ በደንብ ግሎ፣ ከኋላዬ የሚኒባሶቹ ጥሩምባ በበረታበት ሰዓት እርስዎ ብቅ ይላሉ፤ መሪው እጄ ላይ ይርገፈገፋል፣ ሞተሩ ልጥፋ አልጥፋ ይላል፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ ማርሚታውም አንዴ ይተኩስና ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ራሱን ይሸፍናል።

መካኒክ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ ጸባይዎ ሌላ ነው። መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጥና «ደህና ናት እኮ፣ ምን ሆነች?» ይለኛል፤ እኔም እንደ ሐሰተኛ ከሳሽ አንገቴን እደፋለሁ። ይሁንና ካቻቢቴ አንዴ ከወጣ ሥራ ሳይሠራ ወደ ሣጥኑ አይመለስምና፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ያገኘውን ብሎን ጠምዘዝ ያደርጋል። በእኔዋ ካርቡራተር ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቁ የናስ ብሎን ሆኖ ሳለ፣ እርሱ የሚያዞረው የጋዙን ክንድ የሚገፋውን ነው። በዚህም የአየር መግቢያዋ ክዳን፣ ቢራቢሮዋ፣ ከሚገባው በላይ ትከፈታለች፣ የቫኩም ቀዳዳው ይገለጣል፣ መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ ላይ ሳለች ብልጭታውን የሚያስቀድመው አድቫንስ ያለጊዜው ይነሣል፤ እርስዎም በከፍተኛው ድምፅ ተከልለው ለሁለት ቀን ያህል ዕረፍት ይወጣሉ።

መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ ስለ እርስዎ ስጠይቅ የማያውቅዎ ሰው አላገኘሁም። አንዱ «ኮይል ነው» ብሎ የብልጭታውን ኃይል የሚያጎላውን ዕቃ ከሰሰ፣ ሌላው «ካንዴላ ነው» ብሎ ብልጭታ ሰጪውን ከሰሰ፣ ሦስተኛው ነገሩን ሳልጨርስ «ጥርጥር የለውም፣ የቤንዚን ፓምፕ ነው» ብሎ ፈረደ። የሚገርመው ግን እያንዳንዱ የጠራው ዕቃ እዚያው ከጀርባው መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን የመያዣው ሥርዓት እኮ የተሰወረ አይደለም። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ ፑንቲና ሲነካ ታይሚንግም (ብልጭታው የሚሰጥበት ቅጽበት) አብሮ ስለሚሸሽ ታይሚንግ የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ካርቡራተር ወረፋው የመጨረሻ ነው። ተኩሱ ወደ ካርቡራተሩ ተመልሶ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የጠበቀ ቫልቭ ወይም ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ እጠረጥር ነበር። የእርስዎ ግን በጭስ ማውጫ በኩል ስለሆነ፣ ብልጭታ አጥቶ ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ሙቀትና አየር ሲያገኝ የሚፈነዳ ይመስለኛል። ሲበርድ ደኅና ሆኖ ሲግል የሚደክም ብልጭታ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ኮንደንሰር፣ ቀጥሎም ኮይሉን ነው። ፑንቲናውን ከፍቼ ሳየው ፊቱ ተቃጥሎ በአንዱ ወገን ጉድጓድ፣ በሌላው ጉብታ አብቅሏል፤ ይህም የጣት አሻራዎ እንደሆነ በትሕትና አስታውቃለሁ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ጠበቃ እንደሆነልዎም ደርሼበታለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተቀመረ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ፣ በማኒፎልዱ፣ ላይ ካሉት ሁለት የጎማ እጀታዎች አንዱ ተሰንጥቆ የሚሰርቀው አየርም በዚህ ትርፍ ቤንዚን ይሸፈናል። ወደ አዳማ ስወርድ ግን አየሩ እየወፈረ ሲሄድ ትርፉ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ እግሬን ከቤንዚን ሳነሣ ተከታትለው የሚሰሙት ተኩሶች ግብረ አበር እንዳለዎት መስክረውብዎታል። እጀታዎቹ ዋጋቸው ጥቂት ስለሆነ ተለውጠዋል፤ የእነርሱም ጉዳይ በዚያ ተዘግቷል።

ስለሆነም ከእንግዲህ በቀዝቃዛ ሞተር፣ በጠራራ ፀሐይና በምስክሮች ፊት እንድንገናኝ አልጠይቅዎትም። ሞተሩ እንደጋለ ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ መብራት ሁሉ አጥፍቼ፣ የኋላውን ኮፈን ከፍቼ እጠብቅዎታለሁ፤ ከካንዴላ ገመድ ወደ ቆርቆሮው የምትዘል ሰማያዊ ብልጭታ ካየሁ ገመዱን፣ ካላየሁ ኮንደንሰሩን ይዤ እሄዳለሁ። ምትክ የሚሆነውም ከአሮጌ ሞተር ላይ የተፈታ፣ ግሎ የተፈተነ እንጂ አዲስ ስለሆነ ብቻ የታመነ አይሆንም።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለኮንደንሰር፣ ምርመራው እስኪያልቅ ከአካባቢው እንዳይርቁ
ለካርቡራተር፣ ለጊዜው በዋስ ስለተለቀቁ
ለካቻቢቴ፣ እንዲያውቁት