ያልተቆጠረ ሕመም ብርቅ አይባልም

የዓይኗ ቆብና ፊቷ የጠቆረባትን፣ ፀጉሯን ለመሠራት ክንዷን ማንሳት ያቃታትን ሴት ስናይ አብዛኞቻችን ማዲያት ይዟታል እንላለን፤ ፀሐይ ላይ ውላ የባሰባት ከሆነ ደግሞ ሚች ነው ብለን ዳማከሴ እንጨምቅላታለን። ዴርማቶማዮሳይተስ የሚባለው ሕመምም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን ጡንቻና ቆዳ ሲያጠቃ የዓይን ቆብና የጣት አንጓ ቆዳ መልኩን ይለውጣል፣ የትከሻና የታፋ ጡንቻ ይዝላል፣ ፀሐይም የቆዳውን ምልክት ታባብሰዋለች፤ ሲከፋ መዋጥና መተንፈስ ያስቸግራል።

ይህ ሕመምና በጥቅሉ ማዮሳይተስ ተብለው የሚጠሩት የቅርብ ዘመዶቹ በየሕዝቡ ምን ያህል ሰው እንደሚይዙ የተጠኑ ጥናቶች ሲሰባሰቡ፣ ውጤታቸው ከ100,000 ሰዎች መካከል ከ2 እስከ 34 ገደማ ይደርሳል። ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነውን ይህን ልዩነት የሚያይ ሰው አንዱ ሕዝብ የተጋለጠ፣ ሌላው የተጠበቀ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኔ ግን ቁጥሩ ዝቅ ባለበት አገር ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በሽታውን የሚለይ ሐኪምና ምርመራ መኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጃፓን ጥሩ ማሳያ ናት። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚይዘውና የታፋንና የጣትን ጡንቻ እያመነመነ የሚሄደው ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይተስ በ1991 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በዚያች አገር ከአንድ ሚሊዮን ሰው 1.28 ያህሉን ይዞ ነበር፤ በ2003 ቁጥሩ 9.83 ደረሰ። በ12 ዓመት ውስጥ የጃፓናውያን የዘር ውርስ አልተለወጠም። የሕዝቡ ዕድሜ መግፋት ድርሻ ሊኖረው ይችላል፣ የአኗኗር ለውጥን የሚጠቅሱም አሉ፤ ሐኪሞች በሽታውን በስሙ እያወቁት መምጣታቸውን ሳይቆጥሩ ግን ይህን ጭማሪ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

በሕዝቦች መካከል እውነተኛ ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይተስ የሚያጋልጠው የዘር ምልክት በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ በብዛት ይገኛል። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉትና ዛሬ ፀረ ኤምዲኤ5 የሚባለው አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ ራሱ ላይ የሚያመነጨው ፕሮቲን) ደግሞ በምሥራቅ እስያ የዴርማቶማዮሳይተስ ሕሙማን ላይ በርከት ብሎ ይታያል፤ ይህ አንቲቦዲ ያለበት ሕመምተኛ ሳንባው በሳምንታት ውስጥ ሊጎዳ ስለሚችል ልዩነቱን ማወቅ ሕይወት ያድናል።

ለእኛ ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበን የፀሐይ ጉዳይ ነው። በ2003 የታተመ፣ የተለያዩ አገሮችን ሕሙማን ያነጻጸረ ጥናት የአልትራቫዮሌት ጨረር በበረታባቸው ቦታዎች ከማዮሳይተስ ሕሙማን መካከል የዴርማቶማዮሳይተስ ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ጨረሩ ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችና ብዙ ሕዝቧ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚኖርባት አገር ይህ ሕመም ብርቅ ነው ብሎ አስቀድሞ መናገር ድፍረት ይሆናል። ሕዝባችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ፣ የዓለምን ዝቅተኛ ግምት ብንወስድ እንኳ ከ2,000 የሚበልጡ ሕሙማን ሊኖሩን ይገባል። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ ግምቱን ዝቅ ያደርገው ይሆናል፤ ቢሆንም እነዚህ ሰዎች የት ነው ያሉት? በሪህ፣ በደም ማነስ፣ በድካም ስም የታከሙ፣ ጸበል ለጸበል የሚንከራተቱ፣ ቤታቸው የቀሩም ይኖራሉ።

የመማሪያ መጻሕፍትም አላገዙንም። የዓይን ቆቡን ለውጥ ሐምራዊ፣ የጣቱን አንጓ ቀይ ብለው የሚገልጹት በነጭ ቆዳ ላይ ያዩትን ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ምልክቱ ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፣ ቀይ የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። የሚታለፈው ደግሞ መታከም የሚችል ሕመም ነው፤ ሕክምናው የሚጀምረው በየመድኃኒት ቤቱ በሚታወቀው በፕሬድኒሶሎን ነው። በአዋቂዎች ላይ ከካንሰር ጋር አብሮ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ መዘግየት ሁለት በሽታ ያሳልፋል።

አንቲቦዲውን መመርመርና የጡንቻ ናሙና መውሰድ ውድ ቢሆንም፣ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ክሬቲን ካይኔዝ መለካት ያን ያህል አይከብድም። ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከትንሽ እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ። በሪፈራል ሆስፒታሎች አንድ የጋራ መዝገብ ይከፈት፤ የሕመምተኛው ዕድሜ፣ ሥራው ፀሐይ ላይ መሆን አለመሆኑ፣ የሚኖርበት ቦታ ከፍታ፣ የክሬቲን ካይኔዝ መጠኑ፣ በፈቃዱም የቆዳው ፎቶግራፍ ይያዝበት። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከዳናክል አንሥቶ እስከ ደጋው ጫፍ ሰው የሚኖርባት አገር፣ ጨረርና ይህ ሕመም ስላላቸው ዝምድና በራሷ ሕሙማን መዝገብ ልትመረምር ትችላለች።