መፍቻውን ጦጣ ማን አለው?
እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን «መንኪ አይላንድ 2» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር እንደገና ጀመርኩት። ሥዕሉ ዛሬም ያምራል። ግን ያ ፏፏቴ! ውሃውን የሚዘጋውን ፓምፕ ለማዞር መፍቻ ያስፈልጋል፤ መፍቻው ደግሞ ፒያኖ የሚጫወት ጦጣ ነው። ሜትሮኖሙ (እየተወዛወዘ የሙዚቃ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ) ላይ ሙዝ ታደርጋለህ፣ ጦጣው ይፈዛል፣ አንሥተህ ኪስህ ትከተዋለህ፣ ከዚያ ፓምፑን በሱ ታዞራለህ። ለምን? አንዱ የመፍቻ ዓይነት በእንግሊዝኛ «መንኪ ሬንች»፣ ቃል በቃል «የጦጣ መፍቻ»፣ ስለሚባል!

እኛ መፍቻን መፍቻ ነው የምንለው። ዘጌ ጫካ ጦጣ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ይሄን ከየት ላምጣው? ያኔ ያገኘሁትን ዕቃ ሁሉ ፓምፑ ላይ እየሞከርኩ ስንት ቀን አለቀ! ግማሽ እንግሊዝኛዬን ከዚህ ጨዋታ ነው የለቀምኩት፤ እሱው በቋንቋ በሩን ዘጋብኝ። መልሱን እያወቅሁት እንኳ ዛሬም ያበግነኛል።