ብራናው ተሰርቋላ!

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጠጅ ቤት አለ። የዓለም የጦር አውሮፕላን ታሪክ በየቅዳሜው እዚያ ይታረማል። አራሚው አንድ አያ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እናንተም ሰፈር አይጠፉም። ሁለተኛውን ብርሌ ሲያጋምሱ ይጀምራሉ፦ «ይሄ ሁሉ እኮ ከእኛ ብራና የተወሰደ ነው።»

ይህን ልማድ የምወደው ድካም ስለሚያስቀር ነው። ምስኪኖቹ ራይት ወንድማማቾች ሲሠሩ ሲሰብሩ ዓመታት ፈጅተው፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1903 የመጀመሪያዋ በረራቸው 12 ሰከንድ ብቻ ቆየች። የሄደችው 36 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጠጅ ቤቱ በር እስከ ሽንት ቤቱ ማለት ነው። በአያ ወሬ ውስጥ ያለው ደብተራ ግን ከዲማ ገዳም ተነሥቶ ኢየሩሳሌም አስቀድሶ ለምሳ ተመልሷል። ያለ ነዳጅ፣ ያለ አንድ ብሎን።

በ1911 ጣልያናዊው ጁልዮ ጋቮቲ ሊቢያ ላይ አራት ትንንሽ ቦምቦች በእጁ ጣለ። ከአውሮፕላን ቦምብ ሲጣል ያ የመጀመሪያው ነው። «ከላይ ወደ ታች መልቀቅ?» አሉ አያ፤ «እኛ ጮቄ ላይ ቋጥኝ ስንለቅ የሱ አያት መች ተወለደና!»

በ1939 የበረረው የመጀመሪያው ጄት፣ የጀርመኖቹ ሃይንክል፣ በአያ አባባል በቀጥታ ከብራናው የተገለበጠ ነው። በ1947 ከድምፅ ቀድሞ የበረረው ቸክ ዬገር ላይ ግን ብዙም አልቆዩም። ወሬ ከሞጣ ደጀን በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

«ብራናው የታለ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ተሰርቋላ!»

እንዲህ ያለ ማስረጃ የት ይገኛል? ብራናው ቢገኝ እኮ ሙግቱ ፈረሰ።

ፊታቸው የበራው ኤፍ 117 የተባለው የጦር አውሮፕላን ላይ ነው። አሜሪካኖች በድብቅ ሠርተው በ1981 አበረሩት፤ አለን ብለው ያመኑት በ1988 ነው። ገላው ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ሆኖ የተገጣጠመ ነው። ራዳር የላከውን ሞገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንሸራትተዋል፤ ከተረፈውም ልባሱ ይውጥለታል። አያ ከት ብለው ሳቁ። «መሰወሪያ ነዋ! ቅጠሉን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ።» እውነታቸውን ነው። አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ ስትመጣ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም አንድ ነገር ይዤ ሄድኩ። የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ደፈር አልኩ።

«አያ፣ ኅዳር 1933 ዓ.ም. ጎጃም ገና በጣልያን እጅ እያለ፣ ሰከላ ላይ በተጠረገ ሜዳ የእንግሊዝ አውሮፕላን ማረፉን ያውቃሉ? የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ከካርቱም በርሮ መጥቶ ከአገሩ ልጅ ከመኮንኑ ሳንድፎርድ ጋር የተገናኘው እዚያ ነው። ከጠላት መስመር ጀርባ! ንጉሡ በኦሜድላ የገቡት እኮ ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥር ላይ።»

አያ ብርሌውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሰከላ? የእኛው ሰከላ?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ሰከላ ያለው የግሽ ዓባይ ጠበል ነው። ምን አውሮፕላን ታመጣብኛለህ! ፈረንጅ የጻፈውን ሁሉ አትመን።» ብርሌውን መልሰው አነሡ። «ይልቅ ቅዳና የጀርመኖቹን ጄት ልጨርስልህ። ብራናው ከዲማ እንዴት እንደወጣ ነግሬሃለሁ?»