የሰው ቀልድ አያደምቅ

ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ድሬዳዋ ላይ ሰው ደጅ በሰላም የሚቀመጠው ቢበዛ እስከ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ራሷ ወንበር ስባ አጠገብህ ቁጭ ትላለች። እኔም ይህን አውቄ በአንድ ተኩል ደርሻለሁ። ሻይ በቅርንፉድ፣ ሁለት ትኩስ ሳምቡሳ፣ ሰላም።

አንድ የሰፈሬ ሰው ከወዳጁ ጋር መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ነገ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሰላምታ ሳይጨርስ ጨዋታ ጀመረ።

"የኤረሩ አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ቲያትር ቤት ገባላችሁ..."

ጨዋታው እንዲህ ነው። አጎትየው ቲያትር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። መድረኩ ላይ አንድ ባላባት ጭሰኛውን ይገርፋል። አጎት ግራ ቀኝ ያያል፤ ተነሥቶ የሚገላግል የለም። "ሰው የሌለበት አገር ነው እንዴ!" ብሎ ከዘራውን ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል። ባላባቱን ይገሥጻል፤ ጭሰኛውን ደግፎ ያነሣል፤ "በሉ አሁን ይቅር ተባባሉ!" ይላል። ተዋንያኑ ቢጨንቃቸው ይቅር ይባባላሉ። ጉልበት ይሳማል። መጋረጃ ይዘጋል። የሁለት ሰዓቱ ቲያትር በሃያ ደቂቃ አለቀ። አጎት ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን አለ? "ጠቡንስ አበረድኩት። የገረመኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲገባ አንድ ሽማግሌ እንዴት ይጠፋል?"

ወዳጁ ሳቀ፣ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ሻዬን ደፋው። እኔ ሳምቡሳው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህን ቀልድ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አጎት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ባለቤት ያለው ቀልድ ነው።

"ይሄ እኮ የዚያ የኮሜዲያኑ ነው" አልኩ።

"አንተ ደግሞ አቦ!" አለኝ። "ቀልድም ካርታ ይወጣለት ጀመር?"

ሁለቱም ሳቁ። በእኔ መሆኑ ነው።

የምወደው ተረት አለ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ።" እናቴ ልብስ ልዋስ ባልኩ ቁጥር የምትለኝ ነው። ግን ተረቱን ስለምወደው ውሸቱን አልደብቅም። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ወርቁ ከሦስት ቤት ተለቅሞ ነው። ሐብሉ ከአንድ ጎረቤት፣ የጆሮው ከሌላ፣ አምባሩ ከዕቁብ ጓደኛ። እና ደመቀች! ቪዲዮው ይመስክር። ችግሩ ሌላ ነው። ሙሽራዋን የከበቧት ሚዜዎች አይደሉም፤ አበዳሪዎች ናቸው። የሐብሉ ባለቤት ሌሊቱን ሙሉ ፊት ለፊቷ እስክስታ መታች። ሰው "እንዴት ብትወዳት ነው!" ይላል። ሴትዮዋ ዓይኗን ከሙሽራዋ አንገት ላይ አልነቀለችም። ስለዚህ ተረቱ መሆን የነበረበት "የሰው ወርቅ አያስተኛ" ነው። ለዚያውም ባለቤቱን።

የቀልድ ባለቤት ግን መጥቶ ፊትህ እስክስታ አይመታም። ለዚህ ነው የሚሰረቀው።

ያ ኮሜዲያን ድሬ የመጣው በባቡር ነው። ከአዲስ አበባ የቲያትር ቡድን መጣ ሲባል የለገሃሩ በር በእኛ በልጆች ይጨናነቅ ነበር። እኛ የጠበቅነው ግዙፍ ሰው ነው። የወረደው ቀጭን፣ የደከመው፣ አቧራ የጠጣ፣ ሻንጣውን በገመድ ያሰረ ሰውዬ። "ይሄ ነው እንዴ?" ተባባልን። ማታ መድረክ ላይ ሲወጣ ባላባቱም እሱ፣ ጭሰኛውም እሱ፣ ሽማግሌውም እሱ። ባላባት ሲሆን ቦርጭ አወጣ። ትራስ የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብሎ ቦርጭ አወጣ! ዞር ሲል ጭሰኛ ነው፤ ቦርጩ የለም፤ ትከሻው ራሱ ጠቧል። ሦስተኛ ሲዞር በዚያ በድሬ ሙቀት ጋቢ ደርቦ ሽማግሌ ሆነ። ላቡ ከአገጩ ላይ ሲንጠባጠብ ከተቀመጥኩበት መስኮት ላይ ይታየኛል። መስኮት ላይ የሆንኩት ትኬት ስላልነበረኝ ነው። ይህን ነውር አልለውም፤ ስርቆት የሚባለው አይቶ መውጣት አይደለም፣ ወስዶ "የአጎቴ ነው" ማለት ነው።

ያ ሰው ከዚያ በኋላ ያልሆነው ነገር የለም። ዳኛ፣ ሌባ፣ ቄስ፣ ደላላ። መድረክ ላይም፣ ቴሌቪዥን ላይም። አንድ ማታ በቴሌቪዥን ድራማ ልጁ የሞተበት አባት ሆኖ መጣ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው፤ ሃያ ሰው ወለል ላይ ተደርድሯል። ገና ፊቱ ሲታይ ሳቅ። ሬሳው ሲመጣ ሳቅ። ሰውየው እንባው ዱብ ዱብ ይላል፣ እኛ ሆዳችንን ይዘናል። እናቴ ብቻ "ዝም በሉ፤ ሰውየው እኮ እያለቀሰ ነው!" አለች። ለእሷም ሳቅን።

ይህ ነው የኮሜዲያን ዕዳ። አንዴ ካሳቀ በራሱ ለቅሶ እንኳ አይታመንም።

አባባ ተስፋዬን አስቡ። ተስፋዬ ሣህሉን ማለቴ ነው፣ የባሌውን ሰው። እኛ የምናውቃቸው በተረታቸው ብቻ ነው። ቴሌቪዥን አገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆችን ጊዜ ይዘው ገቡ፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆዩ። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች!" ሲሉ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ለሣጥኑ ቆመን "ጤና ይስጥልን!" እንል ነበር። እንደሚሰሙን ጥርጥር አልነበረንም። እኒያ ሰው ግን ከዚያ በፊት ኮሪያ የዘመተውን ሠራዊት ሊያዝናኑ የሄዱ ናቸው። መድረክ ላይ ሴት አትወጣም በሚባልበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ሴት ሆነው የተጫወቱ ናቸው። ምትሐት ያሳዩ ነበር፤ ያዜሙ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሩ በሙሉ ያወራው ግን ስለ ተረቱ ነው። ተረቱ አይወራ አላልኩም። ግን አንድ ሰው ወታደር ፊት ቆሞ አሳቀ፣ ሴት ሆኖ አለቀሰ፣ ልጅ አሳደገ፤ እኛ የያዝነው ሰላምታውን ብቻ ነው።

ደግሞ ስለ ቀልድ ከተነሣ እኛ የምሥራቅ ሰዎች አንድ የምንመካበት አለን። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር የሚባለው በ1913 ዓ.ም. ገደማ የቀረበው የበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ነው። አውሬዎችን እያናገረ ባለሥልጣን የሚወጋ ቀልድ። እሳቸው በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ያደጉ፣ ኋላም ጨርጨርን ገዝተው አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ ናቸው። ስለዚህ የእኛ ናቸው፤ ሸዋ መወለዳቸውን ሌላ ሰው ያውራው። መኳንንቱ ግን አንበሳውና ቀበሮው ማን እንደሆኑ ገባቸው። ነገሩ ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰ፤ ቲያትሩ ታገደ። ልብ በሉ፤ ቲያትራችን የተጀመረው በቀልድ ነው፣ ቀልዱም ገና በጠዋቱ ተዘጋ። ቢያንስ የዚያን ዘመን ባለሥልጣን ቀልዱ የማን እንደሆነ አልጠፋውም። "ይህን ያለው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። የእኔ ጎረቤት ይህን እንኳ አይጠይቅም።

እኔም የመድረክ ሰው ነበርኩ። ሳቁ።

ስድስተኛ ክፍል፣ የወላጆች ቀን። ዘበኛ ነኝ። ቃሌ አንዲት ናት። "ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል።" ሁለት ሳምንት ተለማመድኳት። "ጌታዬ"ን ጠበቅ፣ "መጥቷል"ን ላላ። የመጥረጊያ እንጨት ቀለም ቀብቼ ጦር አደረግኩ። እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሰዓቷ ደረሰች፤ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወጣሁ፤ አፌን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ እንግዳው፣ ማለትም እንግዳ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ፣ መጋረጃ ኋላ መቆም ሰልችቶት ዘው አለና "ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቻለሁ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አፌን ከፍቼ፣ ጦሬን ይዤ፣ ቲያትሩ እስኪያልቅ ቆምኩ።

ያ ልጅ ዛሬ ባሕር ማዶ ነው። በበዓል ይደውላል። በደወለ ቁጥር "ያኔ ቃልህ ጠፍቶህ እኔ እንዳዳንኩህ!" ይላል። አልጠፋኝም! አፌን ከፍቼ ነበር! ይኸው 35 ዓመት ላስረዳው እሞክራለሁ። ስልኩ ይቆራረጣል። እዚያ ላለው ሰው ሁሉ እንደሚያወራው ደግሞ ሰምቻለሁ፤ በእሱ ወሬ ላይ ጦሩም የእሱ ሆኗል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ድሬዳዋ ላይ የቀልድ ዋናው ገበያ በርጫ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫቱ ይዘረጋል። መጀመሪያ ቀልዱ ትኩስ ነው። አንዱ በአማርኛ ይጀምረዋል፣ መሐሉን በኦሮምኛ ይወስደዋል፣ ማሳረጊያውን በሱማሌኛ ይጥለዋል። ሱማሌኛ የማይችለው ከሁሉም በላይ ይስቃል፤ እንዳይነቃበት። ከዚያ ምርቃናው ሲገባ ቀልዱ ፖለቲካ ይሆናል፣ ፖለቲካው ዕቅድ ይሆናል፣ ማታ ላይ ሁሉም ጣሪያ እያየ ዝም ይላል። ከዚያ ክፍል የወጣ ቀልድ ባለቤቱን አያውቅም። የደረጀና የሀብቴን ካሴት ያደመጥን ትውልድ ነን፤ የተስፋዬ ካሳን ካሴት ጥቅልሉ እስኪላላ፣ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን የሰማን ነን። ያኔ ቢያንስ ሽፋኑ ላይ ፎቶ ነበር። "የእሱ ነው" ይባል ነበር። አሁን ልጁ የሰውየውን ድምፅ ከስልኩ ላይ ያስኬዳል፣ የራሱን ከንፈር ያንቀሳቅሳል፣ ሰው "አንተማ ትገድላለህ!" ብሎ ይጽፍለታል። የሰውየው ስም የትም የለም።

ይህ ብቻ ቢሆን እስቅ ነበር። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያ ያሳቀን ሰው አንድ ቀን ይታመማል። ፎቶው ይለጠፋል፣ የባንክ ቁጥር ይወጣል፣ "ለባለውለታችን እንድረስለት" ይባላል። አጎት ሲያደርገው የኖረው ሁሉ ያኔ ባለውለታ ይለዋል። ሃያ ዓመት ቀልዱን በየሠርጉ ሸጦ ምሳ የበላበት ሰው ቁጥሩን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። ማስተላለፍ ነፃ ነው። ሲሞት ደግሞ ጥቁር ፎቶ ሥር "ሲያስቀን ኖሮ ዛሬ አስለቀሰን" ብሎ ይጽፋል። እሷንም ከሌላ ሰው ገልብጦ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኩት። ስለ ዘውዲቱም፣ ስለ ኮሪያም፣ ስለ ጦሬም። ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም፤ የባጃጅ ሾፌሮች ዞር ብለው አዩኝ። እሱ በእርጋታ የመጨረሻዋን ሳምቡሳ አንሥቶ ገመጠ።

"ስማኝማ" አለ። "ያ ሰውዬ በባቡር ነው የመጣው አላልክም?"

"አዎ።"

"ባቡሩ ኤረር ይቆም ነበር አይደል?"

"ይቆም ነበር።"

"አጎቴ ኤረር ጣቢያ ላይ ብርቱካን ነበር የሚሸጥ። ቲያትር ቤት የገባው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ያን ቀን ያደረገውን ደግሞ ብርቱካን ለገዛ ሁሉ ሲያወራ ነው የኖረ። ያንተ ሰውዬ ብርቱካን አልገዛም ብለህ ትምላለህ?"

ልምል አፌን ከፈትኩ። ያ በገመድ የታሰረው ሻንጣ ትዝ አለኝ። ውስጡ ምን እንደነበር አላየሁም። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ፤ ጦር ብቻ ነው የጎደለኝ።

"ወላሂ እኔ አልከስሰውም፤ ይጫወትበት" አለና ተነሣ። ወዳጁም ተነሣ። ፀሐይዋ ወንበራቸውን ወሰደች።

አስተናጋጁ ልጅ መጣ። "ጋሼ፣ አራት ሻይ፣ ስድስት ሳምቡሳ።"

እኔ የበላሁት አንድ ነው። እሱም ገና አልወረደም።