ልዑል ዛይፌንግ ደካማ ነበር?

ስለ ፑዪ ያወጣችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን የመጨረሻው የቻይና ንጉሠ ነገሥት የፑዪ አባት፣ ልዑል ዛይፌንግ፣ በጽሑፉ ውስጥ «ደካማ ሰው» ተብሎ በአንድ መስመር መታለፉ አልተዋጠልኝም።

በቺንግ፣ ማለትም በመጨረሻው የቻይና ሥርወ መንግሥት፣ ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደረጃ ይቀንሳል። የዛይፌንግ ቤተሰብ ማዕረግ፣ የቹን ልዑልነት፣ ግን ሳይቀነስ ከሚወረሱት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ዛይፌንግም ገና በልጅነቱ ወረሰው። በ1901 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ፣ ቤጂንግ ላይ ስለተገደለው የጀርመን መልእክተኛ ይቅርታ እንዲጠይቅ ወደ ጀርመን ተላከ። ጀርመኖቹ፣ የዛይፌንግ አጃቢዎች መሬት ላይ ወድቀው ይስገዱ አሉ። እሱ ሆዬ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ላይ «አሞኛል» ብሎ ቁጭ! ጥያቄያቸውን እስኪተዉ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ይሄ ነው ደካማ?

ሚስቱን እንኳ የመረጠችለት ያኔ ቻይናን ትገዛ የነበረችው እቴጌ ሲሺ ናት። በ1908 ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጁን ፑዪን ወስዳ አነገሠችበት፤ እሱንም በልጁ ስም እንዲገዛ እንደራሴ አደረገችው። በዘውዱ በዓል ሕፃኑ «ቤቴ ልሂድ» እያለ ሲያለቅስ፣ አባት በብርድ በላብ ተጠምቆ፣ ተንበርክኮ ይዞት፣ «አታልቅስ፣ አሁን ያልቃል» ይለው ነበር። ሹማምንቱ ይህን ሟርት ነው አሉ። እኔ የሚታየኝ ግን ልጁ የጨነቀው አባት ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ከእንደራሴነት ሲወርድ፣ ቤት ገብቶ «ከእንግዲህ ልጆቼን አቅፌ እውላለሁ» ማለቱ ይነገራል። ሚስቱ ግን ተናደደችበት አሉ!

የመጨረሻው ወንድ ልጁ ፑሬን አስተማሪ ሆኖ ኖሮ ቤጂንግ ውስጥ ያረፈው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ እሱ ለብቻው ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።